ያላነሳሁትን ፎቶ ፍለጋ ወደ ጓሳ

በስልኬ ውስጥ ያለችውን አንዲት ፎቶ ማን አነሳት?

ይህን ጥያቄ ራሴን መጠየቅ ከጀመርኩ መንፈቅ ሆነኝ፤ ዛሬም መልስ የለኝም። ስልኩ የእኔ ነው። ፎቶዋን ያገኘኋት ባለፈው ሚያዝያ ከመንዙ የጓሳ ሣር ምድር በተመለስኩ ማግስት፣ ከጭላዳዎቹና ከጅብራዎቹ ፎቶዎች መካከል ነው። እንዳነሳኋት ግን አላስታውስም። አላስታውስም ማለትም ማለሳለስ ነው። አላነሳኋትም።

ላላያት አንባቢ ልግለጻት። መደቧ ግራጫና አረንጓዴ የተደባለቀበት ነው። ከላይ ከግራ ወደ ታች ወደ ቀኝ ቀጫጭን መስመሮች በሰያፍ ይወርዳሉ፤ አንዳንዱ መንገድ ላይ ይሰበራል። በግራ ጥግ ጠርዝ የሌለው ነጭ ብርሃን ይፈስሳል። ከታች በስተቀኝ አንዲት ጠቆር ያለች፣ ከበብ ያለች ቦታ አለች። ሰው የለ፣ ዛፍ የለ፣ አድማስ የለ።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ቃል ሲዛነፍ አይወድም፤ እኔም አልወድም። ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። በስልክ ቡድን የምንገናኝ አሥራ አራት ሰዎች ነን፤ መምህር አለን፣ ነርስ አለን፣ ልብስ ሰፊ አለን። የምናነሳው ሠርግና መልክዓ ምድር አይደለም። የግድግዳ ስንጥቅ፣ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ዘይት፣ የተንቀሳቀሰ እጅ፣ ብቻ ምንነቱ ወዲያው የማይለይ ነገር ነው። ሕጋችን እንዲህ ነው፦ አንዱ ፎቶውን ያለ አንድ ቃል ይለጥፋል። ሌሎቻችን ሦስት ቀን ያየነውን እንጽፋለን። በአራተኛው ቀን ባለቤቱ ምን እንደሆነና እንዴት እንዳነሳው ይናገራል። «ቆንጆ ነው» ብሎ ማለፍ ክልክል ነው። ያስከለከልኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው የካቲት ሸዋንግዛው የሚባል የዘመሮ ሰው አንድ ፎቶ ለጠፈ። ሙያው ቧንቧ መጠገን ነው፤ በአካል አልተያየንም ነበር። ፎቶው ሰማያዊና ብርቱካናማ ሆኖ የሚሽከረከር ነገር ነው። ሦስቱን ቀን ስንት ነገር ጻፍንበት! በአራተኛው ቀን ምንም ሳይደብቅ፣ «መሰላል ላይ ሆኜ ስልኩ ከእጄ አመለጠኝ። ሲወድቅ ራሱን በራሱ አነሳ» አለ። እኔ ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አጋጣሚን ፎቶ አልለውም። ይህን ያነሳኸው አንተ ሳትሆን መሬት ነው።» አሥራ አንድ ሰው የሳቅ ምልክት አስቀመጠ። ሸዋንግዛው ከዚያን ቀን ወዲህ ፎቶም አስተያየትም ለጥፎ አያውቅም።

ሁለት ወር ተኩል ቆይቼ ይህችን ፎቶ ለጠፍኩ። ለምን እንደለጠፍኳት አውቃለሁ፤ ከእኔ ፎቶዎች ሁሉ ትበልጥ ነበር። ነርሷ «ሕመምተኛ ከሰመመን ሲነቃ የሚያየው ይመስለኛል» አለች። ልብስ ሰፊው «ያቺ ጥቁር ቦታ ባትኖር ፎቶው ይበተን ነበር፤ ቁልፍ ናት» ብሎ ጻፈ። አራተኛው ቀን ደረሰ። እኔም፣ «ጓሳ ላይ ስልኩን ሣር ውስጥ አስተኝቼ፣ ደመና እስኪያልፍ ጠብቄ አነሳሁት። ጥቁሯ ድንጋይ ናት። ስሙ ‹ደመና ሣር ሲግጥ› ነው» አልኩ።

ቡድናችን በመጪው ኅዳር ደብረ ብርሃን ላይ አንድ አዳራሽ ተከራይቶ ሥራዎቻችንን ሊሰቅል ነው። የእኔዋ ከበሩ ፊት ለፊት እንድትሰቀል ተወሰነ። ይባስ ብለው፣ «እትዬ አስካለ፣ ያንኑ ቦታ አሁን በጥቅምት ያንሱልንና ጥንድ አድርገን እንስቀለው» አሉኝ። እሺ አልኩ። ያላነሳሁትን ፎቶ ደግሜ ላነሳ የሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ።

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ

ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። አስፋልቱ ላይ ውርጭ ነጥቷል። ረዳቱ «መሐል ሜዳ! ሞላሌ! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮኻል። አንዱ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ሌሎች ዘጠኝ «አንድ ሰው ብቻ» ገቡ። ከሾፌሩ ጎን ያለችውን ወንበር አገኘሁ፤ የቦርሳዬ ማንገቻ በማርሹ ላይ እንዳይጠመጠም እቅፍ አድርጌ ያዝኩት። ከኋላዬ ሁለት የገብስ ዘር ጆንያ፣ አንድ አዲስ ጎማ፣ እግሯን የታሰረች ዶሮ አሉ።

ሾፌሩ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ኮፍያውን በጋቢ ሸፍኖታል።

«ማዘር፣ ቀበቶ ይሰሩ።»

«አስካለ ነው ስሜ።»

«እሺ ማዘር።»

ተውኩት። ተነሣን። ከከተማው ስንወጣ ሰማዩ በስተምሥራቅ እንደ ተላጠ ድንች ፈዝዟል። ሜዳው በሙሉ ገብስ ነው፤ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ገና ይነጣል። ስልኬን አውጥቼ ፎቶዋን እንደገና አየሁ። ወደ ጓሳ የምሄደው ቦታዋን ለማግኘት ነው፤ ቦታዋን ለማግኘት ግን ምን እንደሆነች ማወቅ አለብኝ።

ረፋድ፣ ጣርማ በር

ጉም። ከመንገዱ ዳር ገደሉ እንዳለ የሚታወቀው ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ሲመጣ ብቻ ነው። ደብረ ሲና የሚወርዱት መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ወደ ዋሻው ይገባሉ፤ እኛ ወደ ግራ ታጥፈን የመንዝን መንገድ ያዝን። ሾፌሩ መስታወቱን በክንዱ እየጠረገ አጎንብሶ ይነዳል። ሁለት በጎች ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉና ጥርቅም አድርጎ ፍሬን ያዘ። ስልኬ ጭኔ ላይ ወደቀ፤ ፎቶዋ ክፍት ነበረች።

«ውይ ማዘር፣ ስልክዎት ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። ፎቶ ነው።»

«የምን?»

«አንተ ምን ትላለህ?»

በጎቹ እስኪያልፉ አንገቱን አስግጎ አየ። «ይሄማ የእኔ መስታወት ነው። መጥረጊያው ሲያረጅ ጭጋጉን እንዲህ ይቧጭረዋል። ነጩ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ነው። ጥቁሯ ደግሞ» አለና ትንሽ አሰበ፣ «ጥቁሯ ዝንብ ናት። ሞታ የተለጠፈች።»

ከኋላ አንድ ሰውዬ «ዓይንህን ወደ መንገዱ!» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሳቀ።

«ቆንጆ ነው» አለማለቱን ልብ አልኩ። ቡድናችን ውስጥ ካሉት ከግማሹ የተሻለ አስተያየት ነው፤ መስመሩንም፣ ብርሃኑንም፣ ጥቁሯንም ነክቷል። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩት።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ሞላሌ

ከመዘዞ ወዲህ ጉሙ ተገፈፈ። የድንጋይ ካብ፣ የድንጋይ ቤት፣ የድንጋይ በረት፤ በመካከላቸው አዲስ ቆርቆሮ እየበራ። አውድማው ሁሉ ተለቅልቋል። ሞላሌ ላይ ለምሳ ወረድን። የበግ ጥብስ በሁለት መቶ ሰማንያ ብር፣ ግማሹ አጥንት ነው። ሾፌሩ ከእኔ ፊት ተቀምጦ የእኔንም አጥንት ጋጠ።

«ማዘር፣ ያን ፎቶ እርስዎ ነዎት ያነሱት?»

አፌ ውስጥ እንጀራ ስለነበረ ራሴን ነቀነቅኩ። ወዴት እንደነቀነቅኩ እኔም አላውቅም። እሱ ግን «አዎ» ብሎ ወሰደው መሰለኝ፣ «ጎበዝ» አለኝ።

አሥር ሰዓት ተኩል፣ መሐል ሜዳ

የማርፈው እማማ የሺ ቤት ነው። የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ አሁንም የበግ ሱፍ ፈትለው ለበርኖስ ሸማኔ ይሸጣሉ። ደጃፋቸው ላይ የጥቁር በግ ሱፍ በቁና ተቀምጧል። አገላብጠው ሳሙኝና ሳይጠይቁኝ ቅቅል አቀረቡልኝ።

«ከሳሽ። ያ መጽሐፍ ነው የሚበላሽ።»

«አልከሳሁም እማማ። መነጽር ስለቀየርኩ ነው።»

«ፊትሽ ነው እንጂ መነጽርሽ መች ይከሳል!»

አመሻሹ ላይ ፎቶዋን አሳየኋቸው። ስልኩን ዘቅዝቀው ያዙት፤ ላቃናላቸው ስል እጄን መቱኝ። ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩና ከቁናው ጭብጥ ሱፍ አንስተው ከስልኩ ጎን ያዙ።

«ሱፍ ነው። ደጋን ያልጠገበ ሱፍ። ይኸውልሽ፣ ይኼ ተነድፏል፤ ይኼ ግን እንደተቋጠረ ነው። ያቺ ጥቁሯ ጭጎጎት ናት፤ በጓ ሜዳ ስትውል የተጣበቀባት። ማን ነው የነደፈው? ሰነፍ ናት።»

«ሱፍ አይመስለኝም እማማ። ጓሳ ላይ የተነሳ ነው።»

«ታዲያ በግ ጓሳ አይውልም? አንቺ አይደለሽ ያነሳሽው?»

በጽሑፍ መዋሸትና በቃል መዋሸት አንድ አይደሉም። በጽሑፍ ሲሆን አራት ጊዜ ሰርዤ፣ አምስተኛውን አሳምሬ ነው የዋሸሁት። እዚህ ግን የእናቴ ዘመድ በእጃቸው ሱፍ ይዘው ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«እንግዲያው ምን እንደሆነ አንቺው ታውቂያለሽ» ብለው ስልኩን መለሱልኝና እንዝርታቸውን አነሱ።

ዓርብ፣ ጥዋት፤ ጓሳ

ከመሐል ሜዳ በጭነት መኪና ጋቢና አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝኩ። ጓሳ ሲደርሱ ነገር ሁሉ ዝቅ ይላል፤ ዛፉ ይጠፋል፣ ድምፅ ይጠፋል፣ ሣር ብቻ ይቀራል። አመዳዩ ገና አልቀለጠም። ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች እንደ ቆሙ ሰዎች ከጉብታው ላይ ያያሉ። ከሩቅ ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ለእኛ ግድም የላቸው።

ጋሽ እሸቴ መንገድ ዳር ፈረሳቸውን ይዘው ጠበቁኝ። የጓሳ ጠባቂ ናቸው፤ ጉልበቴ ስለሚያመኝ በሚያዝያም በእሳቸው ፈረስ ነበር የዞርኩት። ከኮርቻው ኋላ ገሳቸው ተጠቅልሎ ታስሯል፤ ገሳ ከዚሁ ሣር የሚታታ የዝናብ ልብስ ነው።

«በጥቅምትም ገሳ ይይዛሉ?»

«ሰማይ ወር አይቆጥርም። ምነው በዚህ ቶሎ ተመለስሽ? ያን ጊዜ ያነሳሽው አልበቃሽም?»

«አንዱን ደግሜ ላነሳ ነው።»

«ሣሩ እንደሆን የት ይሄዳል» ብለው ፈረሱ ላይ ደግፈው አወጡኝ።

ቆሏችንን እየቆረጠምን ሁለት ሰዓት ያህል ዞርን። በሚያዝያ የቆምኩባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ አሳዩኝ፤ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያስታውሷቸዋል። የትኛውም ቦታ ፎቶዋን አይመስልም። ሣሩ አሁን ረጅም ነው፤ ነፋሱ ሲያስተኛው ብር ይመስላል።

«ጋሽ እሸቴ፣ ይህን ሣር የዘራው ማን ነው?» አልኳቸው፤ እንዲያው ለወሬ።

«ማንም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«የኛ ነዋ። ስለጠበቅነው። ሲዘጋ ማንም ማጭድ አያስነካውም፤ ሲከፈት ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። ቤቱን ይከድናል፣ ገመዱን ይገምዳል።» ትንሽ ሄደው ሳቁ። «አንድ ሰውዬ ነበር፤ ድርሻ ሲታደል ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ‹ይህችን ቁራጭ የዘራት አባቴ ነው፣ ትለይልኝ› አለ። አስቢው፤ ጓሳን ዘርቶ!»

«ምን አደረጉት?»

«ምንም። ድርሻውን ሰጡት፤ ድርሻማ አለው። ግን ‹ዘሪው› ተብሎ ቀረ። ሞቶ እንኳ የልጁ ስም የዘሪው ልጅ ነው። ዝም ብሎ ቢያጭድ ምን ነበረበት?»

ከፈረሱ ላይ ሆኜ ሣሩን አየሁ። እሳቸው የእኔን ነገር አያውቁም፤ የሚያወሩት ስለ ሣር ነበር።

ከአንዲት ጉብታ ሥር ወረድን። ስልኬን አወጣሁና ፎቶዋን አሳየኋቸው። በመንገዴ ካሳየኋቸው ሰዎች ሁሉ ረጅም ጊዜ ያዩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀና አሉና ጠየቁኝ።

«ሚያዝያ ላይ ዝናቡ የያዘን ጊዜ ስልክሽን ለማን ሰጠሽ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።»

«የለም። ፈረሱ ላይ ስትወጪ ‹ይያዙልኝ፣ እንዳይርስ› ብለሽ ለእኔ ሰጠሽ። እኔም ከገሳዬ ሥር ደረቴ ላይ ያዝኩት። መንገዱን ሁሉ ይበራል፣ ይጠፋል። ተጠርተሽ መስሎኝ በአውራ ጣቴ ነካ ነካ አድርጌው ነበር።»

ዝናቡን አስታወስኩ። የፈረሱ ጀርባ እንፋሎት ሲተፋ አስታወስኩ። ስልኩን መስጠቴን ግን ዛሬም አላስታውስም።

«እስቲ አሁን እንደዚያው ያድርጉት» አልኳቸው።

ገሳቸውን ፈትተው ደረቡ፤ ስልኩን ከሥሩ አስገቡና እየተራመዱ ነካ ነካ አደረጉት። እኔ ከጎናቸው እየሄድኩ «ትንሽ ወደ ግራ»፣ «አሁን ደረትዎን ገለጥ ያድርጉት» እላለሁ። ሁለት ሣር ያጨዱ ሴቶች በሩቁ ቆመው አዩንና አንዷ «ጋሽ እሸቴ፣ ምን ሆኑ? ደረትዎን አመመዎት?» ብላ ጠየቀች። «ፎቶ እያነሳሁ ነው!» አሏት። ሴቶቹ እየተሳሳቁ ሄዱ።

አርባ አንድ ፎቶ ወጣ። መስመር አለ፤ ግን ቀጥ ያለና የማይሰበር ነው። ብርሃን አለ፤ ግን ጠርዝ አለው። አንዱም እሷን አይደለም።

«ይኼ ገሳ እኮ አዲስ ነው» አሉ ጋሽ እሸቴ። «የሚያዝያው አርጅቶ ተበጣጥሶ ነበር።»

«እሱስ የት አለ?»

«ለግልገል ጎዘጎዝኩት።»

አውራ ጣታቸውን ይዤ ከጥቁሯ ቦታ ጎን አስጠጋሁት። ይመስላል። የራሴንም አስጠጋሁ። የራሴም ይመስላል።

«እንግዲያው እኔ ነኛ ያነሳሁት!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። «ፊደል ሳልቆጥር ፎቶ አንሺ!»

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ስልኩን ሣሩ ውስጥ አስተኛሁት። ደመና እስኪያልፍ አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ። አጠገቡ ጥቁር ድንጋይ አስቀመጥኩ። አነሳሁ። ፎቶው ልክ እንደዋሸሁት ሆኖ ወጣ፤ ደመናው በቦታው፣ ሣሩ በቦታው፣ ድንጋዩ በቦታው። የሚነቀፍ ነገር የለውም። ሁለት ጊዜ ለማየት ግን አያጓጓም። ጥንድ ሆኖ ሊሰቀል ይችላል፤ ማንም አይጠይቀኝም። ያን ቀን ማታ እማማ የሺ ቤት ተጋድሜ ሁለቱን ጎን ለጎን አየኋቸው፤ የትኛው ይበልጥ ውሸት እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ረፋድ፤ ዘመሮ

ጥዋት መናኸሪያ ወርጄ የደብረ ብርሃኑ መኪና ላይ ቦርሳዬን ጭኜ ነበር። ከጎኑ የቆመው መኪና ረዳት ግን ይጣራል፦ «ዘመሮ! ዘመሮ!» ቦርሳዬን መልሼ አወረድኩ።

መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ከወንበሩ በላይ በአየር የተጓዝኩት ይበልጣል። ዘመሮ ገበያ ቆሟል። ሙክት፣ ጠቦት፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ አሞሌ የሚያህል ሳሙና፣ በገመድ የታሰረ ሱፍ። ፀሐዩ ይሞቃል፤ ነፋሱ ግን ከኋላ ይነክሳል። ሳንቡሳ የምትጠብስ ሴት «የቧንቧውን ሸዋንግዛውን?» አለችኝና በማማሰያዋ አቅጣጫውን አሳየችኝ። «ቦኖው ጋ ነው። ከጥዋት ጀምሮ ይታገለዋል፤ እስካሁን ቦኖው እየረታው ነው።»

አገኘሁት። አጠር ያለ፣ ወደ አርባ የተጠጋ ሰው ነው፤ ልጅ እያልኩ የማስበው በከንቱ ነበር። እጅጌውን ሰብስቦ ቧንቧ ሥር ተንበርክኳል። ጀሪካን የያዙ ሴቶች ከበውታል።

«ሸዋንግዛው?»

«ይጠብቁ እናቴ፣ አሁን ይመጣል ውሃው።»

«አስካለ ነኝ። ከደብረ ብርሃን።»

የቧንቧ መፍቻ ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። እኔና እሱ እኩል መሬት ላይ ያለውን ቁልፍ አየን፤ እኩል ነው ነገሩ የመጣልን መሰለኝ።

«ይኼንንም መሬት ነው ያነሳው ይሉኝ ይሆን?» አለ።

ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ግን ፈገግ ሳይል ነው የተናገረው። ቀጥሎ ባህሉ መጣበትና እጁን በሱሪው ጠርጎ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። «እትዬ አስካለ፣ እንኳን ደህና መጡ። ምን እግር ጣለዎት?»

«የምነግርህ ነገር አለኝ።»

ሴቶቹ አጉረመረሙ። «ውሃውስ?» «አሥር ደቂቃ!» አላቸውና ከቦኖው ጀርባ ካለች የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጥን። ሻይ ልዘዝልዎ አለኝ፤ እንቢ አልኩ። ሻይ ከመጣ እንደማልነግረው አውቄዋለሁ።

ነገርኩት። ሳላሳምር፣ ሳልሰርዝ ነገርኩት። ፎቶዋን ስልኬ ውስጥ እንዳገኘኋት፣ እንዳላነሳኋት፣ ስለ ደመናውና ስለ ድንጋዩ የጻፍኩት ሁሉ ከራሴ እንደሆነ፣ ምናልባት ጋሽ እሸቴ፣ ምናልባት የማንም ጣት እንዳልሆነ። ቀጥዬም «አንተ እውነቱን ስለተናገርክ ነው የሰደብኩህ። እኔ ደግሞ ስለዋሸሁ ነው ከበሩ ፊት የምሰቀለው። ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት።

ገበያው ይንጫጫል። አንድ ጠቦት ያለማቋረጥ ትጮኻለች።

«እኔ እኮ ስለ ስድቡ አልነበረም የተውኩት» አለ በመጨረሻ። «ስልኩን በሳምንቱ አሠራሁት። ግን ከዚያ በኋላ ሳነሳ እጄ ይጠነቀቃል። ‹ይሄን እኔ ነኝ ያነሳሁት?› እላለሁ። የሚወጣው ሁሉ ደረቅ ነው። መታወቂያ ላይ የሚለጠፍ ይመስላል።»

«ያ ፎቶ አሁንም አለህ? የመሰላሉ?»

ፈልጎ ሰጠኝ። ሰማያዊው ቱታው ነው፣ ብርቱካናማው የፕላስቲክ ባልዲ፤ በየካቲት ነግሮን ነበር። ባየሁት ቁጥር ግን ቱታና ባልዲ መሆናቸውን እረሳለሁ። በስምንት ወር የዘገየ አስተያየቴን ሰጠሁት፦ ብርቱካኑ ሰማያዊውን እያሳደደው እንደሆነ፣ ሊደርስበት ሲል ፎቶው እንደሚያልቅ፣ በዚህም ምክንያት ዓይኔ ተመልሶ ከመጀመሪያው እንደሚጀምር። አንድም ጊዜ «ቆንጆ ነው» አላልኩም። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

«ለቡድኑስ?» አለኝ።

«እጽፋለሁ። ሁሉንም፣ በሙሉ። ከዚያ ከበሩ ላይ ያንሷት ካሉ ያንሷት።»

ይኸው ጻፍኩት፤ ቡድኑም ከሌሎች አንባቢዎች ጋር እኩል ያነበዋል። ፎቶዋ ብትሰቀል ከሥሯ ስሜ አይጻፍ። ስሟም ይቅር፤ ደመናም አልጋጠ፣ ሣርም አልተጋጠ።

ሴቶቹ ጀሪካን መደብደብ ጀመሩ። «አሥር ደቂቃህ አላለቀም እንዴ አንተ!» ሸዋንግዛው ተነሣ፤ ግን አልሄደም። እጁን ዘረጋና «እስቲ ያሳዩኝ» አለ። ስልኬን ሰጠሁት። ፀሐዩን በጀርባው ከልሎ፣ ፎቶዋን በሁለት ጣቱ አሰፋት፣ አጠበባት፣ እንደገና አሰፋት። እኔ ማን አነሳት የሚለውን የሚፈልግ መስሎኝ ጠበቅሁ።

«እኔ ብሆን» አለ፣ «የግራውን ብርሃን ትንሽ አደበዝዘው ነበር። ዓይንን ይዞ ከፎቶው ይወጣል። ጥቁሯን ጣት ግን እንዳይቆርጧት።»

ስልኬን መለሰልኝ፣ ቁልፉን ከመሬት አነሳና ወደ ቦኖው ሄደ። እውነቱን ለሰው የነገርኩት በዚያ ቀን ነው፤ ቅዳሜ፣ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ውሃው የመጣው ስድስት ተኩል ላይ ነበር፤ እስኪመጣ ቆሜ ጠበቅሁ።